ስለቱ ከደረሰ በኋላ

ወለተሃና ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ዶክተር ሴና ውጤቱን እያነበበች ነው። ቅንድቧ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር የወለተሃና ልብ ስንጥቅ ይላል።

የአንጀት ካንሰሯን በቀዶ ጥገናም በኬሞም ታክማ፣ የካንሰሩን መኖር የሚጠቁመው፣ ማርከር የሚሉት የደም ምርመራ ቁጥሩ ወርዶላት፣ ለግንቦት ልደታ ስለቷን አድርሳለች። ወርቀ ዘቦ ጥላ ነበር፤ ጌጃ ሰፈር በሙሉ እልል ብሎላታል። አሁን ቁጥሩ እንደገና ወጥቷል። እመቤቴ ጥላውን ከተቀበለች በኋላ ፊቷን አዞረች እንዴ ብላ ታስብና፣ በሐሳቧ ደንግጣ ታማትባለች።

«ይሄ የኛ ላብራቶሪ ውጤት አይደለም» ትላለች ዶክተሯ።

«አብነት ሰፈር ካለ ላብራቶሪ ነው ያሰራሁት።»

«ምነው? የኛው እዚሁ ምድር ቤት አለልዎት አይደል?»

ስለቷን ባደረሰች ማግስት ድፎ ዳቦ አስይዛ መጥታ፣ ደም የሚቀዱትን ልጆች በየተራ ስማ፣ «ከእንግዲህ ክንዴን አታገኙትም» ብላ መርቃቸው ነው የወጣችው። ከዚያ ወዲያ እጅጌ ሰብስቦ መምጣት ሞት ሆነባት።

«ይሉኝታ ያዘኝ» ትላለች።

ዶክተር ሴና አትስቅም። «የሁለት ቤት ማሽን እኩል አይለካም። ቁጥሩ በዚያ ምክንያት ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በድሮው፣ በኛው ማሽን ደግመን እንየው።»

«ልጄ፣ ተመልሶብኛል ወይስ አልተመለሰብኝም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ዛሬ አላውቅም፣ እማማ።»

ወለተሃና ይህንን «አላውቅም» ይዛ ደረጃውን ትወርዳለች። ላብራቶሪው በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ፈርታለች። መሞቱን ትፈራለች፤ ድኛለሁ ብላ አገር ካስጨፈረች በኋላ ማርያምን ማሳጣቱን ደግሞ ከዚያ ባላነሰ ትፈራለች። አሁን ዞር ብላ ወደ ቤቷ ብትሄድ ማንም አያያትም። ልጆቿ እንኳ መምጣቷን አያውቁም።

ደም ከሚቀዱት ልጆች አንዷ፣ ያን ቀን ዳቦውን ቆርሳ ለጓደኞቿ ያደለችው ሃኒ ከውስጥ ቀና ብላ ታያታለች። ፊቷ ይበራል።

«እማማ፣ ዛሬም ዳቦ አመጡልን?»

ወለተሃና ባዶ እጇን ታያለች። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ትዘረጋላታለች። ሃኒ ወንበሩን ስባ ታስቀምጣትና መርፌ የለመደውን ደም ስሯን በጣቷ ትፈልጋለች።