የጋራው ግድግዳ

የጋራው የጭቃ ግድግዳ ሲናድ ሸዋዓለም ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ወንድ ልጇን «አናርኪስት» ብለው ከገደሉት ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለእሱ ማልቀስ ክልክል ስለሆነ አፏን በትራስ አፍና ነበር የምታለቅሰው። አቧራው ሲገለጥ ጎረቤቷ ጓድ አምሳሉ፣ የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ፣ ዶማውን እንደያዘ ከወዲያ ቆሞ ያያታል።

«ምነው ሳትነግረኝ?» አለች፣ ነጠላዋን ለማስተካከል እየተጣደፈች። «የጋራ ግድግዳ ጎረቤት ሳይፈርም አይነካም ብላችሁ በስብሰባ ያነበባችሁልን እናንተው አይደላችሁ?»

«እውነትዎን ነው እማማ፣ ደንብ ደንብ ነው።» ከኪሱ ወረቀትና የጣት ቀለም አወጣ። «አሁን ይፈርሙልኛል። አልስማማም ካሉም መብትዎ ነው፤ ቀበሌ ሄደን ግድግዳው ሲፈርስ ምን ሲያደርጉ እንዳገኘሁዎት ጭምር እናስመዘግባለን። ሴት ልጅዎ እዚያው ታስራ የለ?»

ሸዋዓለም እንደምንም ተነሳችና አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

«ቆይ፣ ሳላነብልዎ አይሆንም» አለና ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረ። «‹አዲሱ ግድግዳ ከወገብ በላይ እንዳይሠራ ወድጄና ፈቅጄ ተስማምቻለሁ።›»

ጣቷ አየር ላይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

አምሳሉ ቀለሙን እፍ ብሎ አደረቀና ሚስቱን ከጓዳ ጠራት።

«ነዪ፣ እማማን ሰላም በያቸው። ከእንግዲህ ብቻቸውን አይሆኑም።»