ያልተመዘገቡት አንባቢዎች

ከከተማ ፕላን ቢሮ የመጣችው ወጣት ባለሙያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን አንድ ቁጥር ላይ ታሳርፋለች። በወር አሥራ አንድ አንባቢ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መነጽሩን አውልቆ ይወለውላል፤ መነጽሩ ግን ምንም አልቆሸሸም። ቁጥሩን የጻፈው ራሱ ነው።

ከተማዋ በየአቅጣጫው እየሰፋች ስለሆነ ዳር ዳሩን አምስት አዳዲስ ቤተ መጻሕፍት ሊሠሩ ታቅዷል፤ አንባቢ የራቃቸው አሮጌዎቹ ደግሞ ይዘጋሉ። ልጅቷ ክፋት የለባትም። እንዲያውም ይዘጋ ብዬ ከመፈረሜ በፊት በዓይኔ ልየው ብላ በዚህ ፀሐይ በእግሯ መጥታለች።

ቀና ስትል ግን ግራ ይገባታል። አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበር ያጡት ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ ግንበኛ ሲሚንቶ በነካው ሱሪው ቆሞ ያነባል፤ ሕፃን ያዘለች ሴት እሹሩሩ እያለች ገጽ ትገልጣለች።

"እነዚህስ ጋሼ?"

ኃላፊው ይሽኮረመማል። አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ በቅርቡ የመጡ ናቸው፤ መታወቂያ የላቸውም። ደንቡ ያለ መታወቂያ መመዝገብ ይከለክላል። እሱም ደንቡን አክብሮ አልመዘገባቸውም፤ ዝም ብሎ ግቡ አላቸው እንጂ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች ብልሃቱ በሆዱ ሲኩራራ ኖሯል። አሁን ያቺው ብልሃት ጉድ ልትሠራው ነው።

ባለሙያዋ ትስቃለች። ስማቸውን አሁኑኑ ከጻፍኩ ሪፖርቱን አስተካክላለሁ ትለዋለች። ኃላፊው ደስታው ልክ ስላጣ ቆም ብሎ አያስብም። ደብተሯን ይዛ ወደ ግንበኛው ስትሄድ አያስቆማትም።

ግንበኛው ደብተሩን ያያል፤ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የመንግሥት ባጅ ያያል። መጽሐፉን እንደተገለጠ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይወጣል። ሌላውም መጽሐፉን እንደተገለጠ ትቶ ይከተለዋል፤ ከዚያ ሌላው። የሚጮህ የለም፤ የሚሮጥም የለም። ኃላፊው ኧረ ለናንተው ነው፣ ተቀመጡ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይንከራተታል።

ሕፃን ያዘለችው ሴት በሩ ላይ ዞር ትላለች። "እርስዎን አምነን ነበር እኮ የምንመጣው፣ ጋሼ።"

አዳራሹ ባዶ ቀርቶ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ይመስላል። ኃላፊው ልጅቷን ሊቆጣት ይፈልጋል፤ ግን በምን አፉ? ነገ በሩን ሲከፍት ማን እንደሚመጣ አያውቅም።

እጁ ሥራ ለምዷልና፣ አጠገቡ ያለውን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው ሊመልስ ያነሳዋል።

"ይተዉት" ትላለች ባለሙያዋ። "እንደተገለጠ ይተዉት፤ ገና አልቆጠርኩትም።"

መጽሐፉን መልሶ ያስቀምጠዋል። እሷ ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ከተገለጠ መጽሐፍ ወደ ተገለጠ መጽሐፍ ትሄዳለች። ሠላሳ ስምንት ላይ ደርሳለች፤ ገና ሁለት ጠረጴዛ ይቀራታል።