ያልደረቀ ቀለም

መካኒኩ በጀርባው ተንሸራቶ ከሚኒባሱ ኋላ ሥር ገባና የእጅ ባትሪውን አበራ። አየ። አጠፋው። መልሶ አበራው።

«አባባ፣ ምንም የለውም እኮ» አለ አማቹ ከላይ፤ ከታች የሚታየው ነጭ ጫማው ብቻ ነው። «እሷ ናት አባዬ ሳያየው ገደሉን አልወርድም ብላ ያስቸገረችኝ።»

«እስቲ ዝም በል።»

ሴት ልጁ ጨቅላዋን ታቅፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዕቃው ተጭኗል። የቀረው የእሱ «ሂዱ» ማለት ነው።

ይህ መኪና ድሮ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጡት የኋላ ጎማዎቹን የሚያያይዘው አክስል አፍንጫውን ሽቅብ ያነሳ፣ ተደራራቢ ብረቱ ባሌስትራ ይጠማዘዝ፣ ቂጡ እንደ በቅሎ ይዘል ነበር። አክስሉን ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው፣ የሚያያይዝ ወፍራም የብረት ክንድ ሠርቶ ያስታገሠው ራሱ መካኒኩ ነው። የክንዱን የፊት ጫፍ ግን አልበየደውም። ባሌስትራው ጉድጓድ ላይ ሲለጠጥ ክንዱም አብሮት እንዲላወስ በፒን አንጠለጠለው። «ይንኳኳል። ይንኳኳ፤ እንዳትነካው» ብሎ ለአማቹ ነግሮትም ነበር።

አሁን ፒኑ የለም። ጫፉ እንደ ንፍጥ በተዝረከረከ ብየዳ ተደፍኗል።

«ማነው የበየደው?»

«እኔ ነኝ ያስበየድኩት። ተሳፋሪው ‹ምንድነው የሚንኳኳው› እያለ ናላዬን አዞረው። ይኸው ጸጥ አለ፤ ምን ጎደለ?»

አለማወቅ ነው። አለማወቅን መካኒኩ ይችለዋል። መላወሻ ያጣ አክስል ግን ጉልበቱን የሚወጣው ባሌስትራው ላይ ነውና መብራቱን ወደዚያ መለሰ። ከተደራረቡት ብረቶች ዋናው፣ የላይኛው፣ በጭቃና በዝገት ተሸፍኗል። መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ጠቁራ ታብለጨልጫለች።

በግራ እጁ ጥፍር ፋቅ አደረጋት። ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ተሰበሰበ። ከሥሩ ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁ እንዳይታይ ግሪስ ታጭቆበታል። ይህ ብረት ቁልቁለት ላይ ከተሰበረ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ መሪ የያዘው አያዝዝም።

ተንሸራቶ ወጣ።

«ስንጥቁን አይተኸዋል።»

«የምን ስንጥቅ?» አማቹ እጆቹን ኪሱ ከትቷል። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። መካኒኩ እንትፍ አለና አፉን ሊጠርግ ቀኝ እጁን አነሳ። መዳፉ ላይ ያው ጥቁር ቀለም አለ። በዚያ እጁ ከባትሪው በቀር ምንም አልነካም። ቅድም ግን አማቹ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት ጨብጦታል።

ጨርቅ ናፍጣ ነክሮ መዳፉን ይፈትግ ጀመር። ቆዳው ቀላ። አሁንም ይፈትጋል።

«አባዬ፣ እንሂድ ወይስ?» አለች ልጁ በመስኮት።

«ብረቱ ተሰንጥቋል። ቀብቶታል። ዛሬ ጠዋት።»

በሩን ከፈተች።

ባሏ ሕፃኑን ሊቀበላት ሮጠ። ሁለት እጆቹን ዘረጋ።

እሷ ጥቁር ቀለም የነካቸውን መዳፎቹን አየች። ልጇን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ በሌላኛው በር ወረደች።