የኦልጅራ እግር

በ1960 ዓ.ም. አቃቂ ውስጥ ስለ ኳስ አውርቶ ሳይደባደብ ቤቱ የገባ ሰው ቢኖር፣ ወይ ታሞ ነው ወይ የቃሊቲ ሰው ነው።

የጠቡ ሥር ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ የኦልጅራ እግር። ኦልጅራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራ ነው እየተባለ ሲወራ፣ በዘውድ በዓል ዋንጫ ፍጻሜ የቃሊቲው ተከላካይ ተሰማ ቅልጥሙን በጫማ አለው። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሆነው። ኦልጅራ ዛሬ ምርኩዝ ተደግፎ የፋብሪካውን በር የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ይህን ታሪክ እንደ አሻግሬ አድርጎ የሚያወራው የለም። አሻግሬ የፋብሪካው መካኒክ ነው፤ ትከሻው የበሬ፣ የደጋፊዎቹም አለቃ። የዘበኝነቱን ሥራ ለኦልጅራ ለምኖ ያስገኘለት እሱ ነው። ቤቱንም ሲሠራ ጭቃ አቡክቶ የለጠፈለት እሱ ነው። ኦልጅራ ወንድ ልጅ ሲወልድ፣ የክርስትና አባት ሁንልኝ ይለኛል ብሎ ሳምንታት ጠበቀ። ኦልጅራ አላለውም። አሻግሬ ቅር አለው፤ ግን ይሉኝታ ይዞት ይሆናል ብሎ ዋጠው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የእማማ አደሴ ጠጅ ቤት ሲሞላ፣ አሻግሬ ብርሌውን አስቀምጦ እንደ ልማዱ ጀመረ።

"ሲመታው ቋ! ያለውን በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን በቃሬዛ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ተነሳ! በተሰበረ እግሩ ሦስት ሰው አታሎ አገባ! የት አገር ታይቷል?"

"የትም!" አለ ጓደኛው ሮሪሳ።

"ፊሽካው እንደተነፋ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። የባቡር ሐዲዱን ስንሻገርማ በደስታ አንዱ ባንዱ ላይ ተንከባለልን። ባርኔጣዬ እስከ ዛሬ አልተገኘም።"

ቤቱ በባርኔጣው ሳቀ። አሻግሬ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ስቃዩ የወጣው ደሙ ሲበርድ ነው። ትኩስ ደም ስብራት ይደብቃል። ከዚያ በኋላ ኳስ ቀረ።"

ኦልጅራ ራሱ ይህን ወሬ አይወድም። አሻግሬ ሲጀምር ተነስቶ ይወጣል። አምናም ቡድኑ ዋንጫ ሲያገኝ እንሸከመው ብለው ሲጠጉት፣ በምርኩዙ የሮሪሳን ሁለት ጥርስ አረገፈ። ማንም አልተቀየመውም። እግሩ የተሰበረ ሰው ልቡም ይሰበራል አሉና አለፉት።

ወሬው ሳያልቅ አንድ ረጅም ሰው በሩ ላይ ቆመ። ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል።

"እንደምን ዋላችሁ። የኦልጅራን ቤት የሚያሳየኝ ይኖራል?"

አሻግሬ ቀና አለ። ሰውየውን ሰባት ዓመት አላየውም፤ ፊቱን ግን በሕልሙም ያውቀዋል።

"ተሰማ!"

እማማ አደሴ የሚሆነውን ስለሚያውቁ ብርሌዎቹን መሰብሰብ ጀመሩ።

"ምን ቀረህ?" አለ ሮሪሳ። "ሌላኛውን እግሩን ልትወስድ ነው?"

"እሱ ራሱ ጠርቶኝ ነው። ነገ የልጁ ክርስትና ነው። የክርስትና አባት ሁንልኝ ብሎኛል።"

ተሰማ ሌላ ምንም ቢል ምናልባት በጥፊ ይተርፍ ነበር። አሻግሬ ግን ዓይኑ ደም ለበሰ። ሰው አካል ጉዳተኛ አድርጎ፣ በልጁ ደግሞ ይቀልዳል? ብድግ ብሎ አፉን በቡጢ አለው። ሮሪሳና ሌሎቹ እየረገጡ ወደ ጓሮ ጎተቱት። የተሰማ ደም እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ መንገድ ሠራ።

"ኧረ በጊዮርጊስ! ኧረ ሰው ነው!" እያሉ እማማ አደሴ ከኋላ ጮኹ።

"ኦልጅራን ጠይቁት!" አለ ተሰማ ደም እየተፋ። "እሱን ብቻ ጠይቁት!"

"ስሙን አትጥራ!" አሻግሬ ከአጥሩ አንድ አጣና ነቀለ። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም!"

አጣናውን አንስቶ ግን ቆም አለ። ሰው ደብድቦ ያውቃል፤ ሰብሮ አያውቅም። ያኔ የዚያን ቀኑ የኦልጅራ ጩኸት፣ ጆሮው ሥር የጮኸው ጩኸት መጣበት። ሮሪሳ እግሩን ዘርግቶ ያዘለት። አሻግሬ ሁለት ጊዜ መታ። በሁለተኛው አጥንቱ ተሰበረ። ተሰማ አንዴ ጮኾ ራሱን ሳተ።

ወንዶቹ እየዘፈኑ ወደ ፋብሪካው በር ሮጡ። አሻግሬ ከፊት ነው፤ ሸሚዙ በደም ርሷል፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ለወዳጁ ያላደረገው ይህ ብቻ ነበር።

"ኦልጅራ! ደምህን መለስንልህ!" አለ እያለከለከ። "ተሰማን አገኘነው! ልክ እንዳንተ፣ ከጉልበቱ በታች!"

ምርኩዙ ከኦልጅራ እጅ ወደቀ። አሻግሬ ደስታ ያስጣለው መሰለው፤ የራሱም እንባ መጣ። ጎንበስ ብሎ ትከሻውን አቀረበለት፤ የቀሩት ከግራና ከቀኝ ሊያነሱት እጃቸውን ዘረጉ።

ኦልጅራ በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ጀርባው ከብረት በሩ እስኪላተም ድረስ ሸሻቸው።

"አትንኩኝ! አሻግሬ፣ ያኔም ሐዲዱ ላይ እስክትጥለኝ ድረስ እግሬ ደህና ነበር!"