ከሁይበርት ጀርባ የቆመው ሰው

ማሪትገን ሥዕሉን የገዛችው ከሃርለም ዓመታዊ ገበያ፣ ከአይብና ከድስት ሻጮች መሀል ነው። የመጠጥ ቤት ሥዕል ነው፤ ገበሬዎች ይጠጣሉ፣ አንዱ ይዘፍናል፣ ውሻ ተጋድሟል። የራሷ መጠጥ ቤት በእንዲህ ዓይነት ሰው የተሞላ ስለሆነ ብርቅ ሆኖባት አይደለም። ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠው፣ ከዓመታት በፊት እንደወጣ የቀረው ባሏ ሁይበርት ነው። ስታየው ክው ብላ ቀረች።

ወስዳ ግድግዳዋ ላይ ሰቀለችው። ደንበኞቿም እንደ ልማዳቸው ቢራቸውን ይዘው የሥዕሉን ትርጉም ይፈቱ ጀመር።

«የተደፋው ማሰሮ የፈሰሰ ደም ነው» አለ ጫማ ሰፊው። «እሳቷ የጠፋው ፒፓ ደግሞ ትንፋሹ ናት። ጸጉሩንም እዪው፣ አመድ ነስንሶበታል። ሠዓሊው ሞቷል እያለሽ ነው።»

«ከጀርባው ቢላ ይዞ የሚስቀውስ?» አለች ማሪትገን።

 ሁሉም ዞሮ ያየው የሁይበርትን ወንድም፣ በርሜል ተሸክሞ የሚገባውን ቫውተርን ነው። የሥዕሉ ሰው በትከሻውም በቀይ ጢሙም ቁርጥ እሱን ነው።

«እህት ዓለም፣ ሰውየው እኮ አይብ እየቆረጠ ነው» አለ ቫውተር፣ ለመሳቅ እየሞከረ።

ሳቁ አንጀቷን አሳረራት። ወንድማማቾቹ በመጠጥ ቤቱ ውርስ መጣላታቸውን ከተማው ያውቃል። ባሏ ከጠፋ ወዲህ ቫውተር በርሜል የሚሸከምላት፣ ጣራ የሚጠግንላት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሥዕሉን አውርዳ ዳኛው ዘንድ ወሰደችው። ቫውተር መጀመሪያ ካደ፤ ሲያሰቃዩት አመነ፤ ተሰቀለ። ሬሳውን ጣልኩበት ያለው ቦይ ቢጎረጎር ግን ምንም አልተገኘም።

ማሪትገን ከዚያ ወዲህ እፎይ አላለችም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቢራ እየቀዳች፣ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል። ፈራች። ያልተቀበረው ባሏ ነው አለች፤ አጽሙን ካላሳረፈች አይለቃትም። ሥዕሉን አቅፋ፣ ሠዓሊውን ፍለጋ በጀልባ ሌይደን ሄደች።

ሠዓሊው ሄርብራንድ ቀለም ሲበጠብጥ ደረሰች። ሥዕሉን ፊቱ አቆመችው።

«ጌታዬ፣ ምስጢሩን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ማንንም ልከስ አልመጣሁም። ይህ ሰው ያለበትን ብቻ ይንገሩኝ፣ እባክዎ፣ እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ።»

«እሱን ነው እንዴ?» አለ ሠዓሊው እጁን እየጠረገ። «ይሄ ደግሞ ምን ምስጢር አለው እመቤቴ?»

መስኮቱን ከፈተና ወደ ጎረቤት ግቢ ተጣራ፤ «ሁይበርት፣ እንግዳ መጥታልሃለች፤ ልጁን ለእናቱ ስጥና ብቅ በል።»