የዚነት እንግዶች

ቆቦ ላይ ቤተሰብ ይዞ ለሚያልፍ መንገደኛ እንደ ዚነት ግቢ ያለ ማረፊያ አልነበረም። ሁለት ክፍል፣ ለብቻው ኩሽና፣ ደህና የኒም ዛፍ ጥላ። ልጅ ቢያለቅስ የሚቆጣ የለም። እንግዳው የራሱን ወጥ ይሠራል፤ ዚነት ደግሞ አላስችል ብሏት ከራሷ ትጨምርለታለች።

ከዚያ መንሱር የሚባል ሀብታም ማዶ አፓርታማ ሆቴሉን ገተረ። ማብሰያ ያለው ክፍል፣ ሙቅ ውሃ፣ መብራት ሲሄድ ሰው ይዞ የሚቀር ሊፍት። የዚነትም እንግዳ ድርግም ብሎ ጠፋ።

መንሱር ግቢዋን ለማስፋፊያ ቋምጦለታል። ቤቱ ከአባቷ የቀረ ነው፣ ለእሷና ለታናሿ ለሀስና። እናታቸው ስትሞት ሀስናን ሳትበላ አብልታ ያሳደገቻት ዚነት ናት። ድምፃቸው እንኳ አንድ ነው፤ ስልክ ላይ የሚለያቸው የለም።

«ፈሪድ ነው!» አለች ሀስና። «ያ ባለባጃጅ ከመናኸሪያ እያፈሰ ማዶ ያራግፋቸዋል። አንቺ ገበያ በርበሬሽን ስትሸጪ እኔ እዚሁ ነው የምውለው። በር ያንኳኳ የለም፣ ወላሂ! እታለም፣ እንሽጠውና ትረፊ።»

«እኔ በቁሜ እያለሁ አይሸጥም!»

ፈሪድማ ድሮ እንግዳ አምጪዋ እሱ ነበር። አሁን መንገድ ላይ ሲያያት ፊቱን ያዞራል። ጥፋት ባይኖርበት ምን አዞረው? ዚነት አንጀቷ አረረ፤ እሷም ሰላምታ ነፈገችው።

አንድ ቀን ለሀስና «ሮቢት ለቅሶ ልደርስ ነው» ብላ ወጣች። ከጎረቤቷ ከቶይባ ኒቃብ ተውሳ ፊቷን ሸፈነች። ሻንጣ አንጠልጥላ መናኸሪያ ገባችና ከወልዲያ አውቶብስ ከሚወርዱት ጋር ተቀላቀለች።

«ማረፊያ ፈልጌ ነበር፣ ኩሽና ያለው» አለችው ፈሪድን፣ ድምጿን አቅጥና።

«ነይ ግቢ፣ እህቴ።»

እየዛተች ተሳፈረች። ሆቴሉ በር ላይ ሲያወርዳት ኒቃቧን ገልጣ በሰው ፊት ልታዋርደው ነው።

ባጃጁ ሆቴሉን አልፎ ሄደ። የራሷ በር ላይ ቆመ።

«እስቲ እዚህ እንሞክር» አለ ፈሪድ። «ዚነት የምትባል ደግ ሴት ናት፤ ሰሞኑን ግን ምን እንደነካት እንጃ። ያመጣሁላትን ሁሉ ትመልስብኛለች። አትክፈትልኝ፣ ብቻዋን ያለች ሴት ለወንድ በር አትከፍትም፣ ወጉ ነው፤ ከውስጥ ሆና ታናግረኛለች። ግን እንግዳ ይመለሳል? አሁንማ ሳያት አፍራለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ።»

ዚነት ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ያ ጀሊሉ፣ እኔ መቼ መለስኩ?

ፈሪድ የቆርቆሮ በሩን ደበደበው። «ዚነት! እንግዳ ይዤልሽ መጥቻለሁ!»

ነጠላ ጫማ እየጎተተ ወደ በሩ የሚመጣ ሰው ተሰማ።

«ተይዟል አላልኩህም? ማዶ አፓርታማው ውሰደው!» አለች ከውስጥ ሀስና።