መኪናው የለመደው እግር

"እኔ ከዚህ መኪና አልወርድም" አለች እማዬ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። "ሥራችሁን ሥሩ፤ እኔ ምን አደረግኳችሁ?"

ሐኪሙ ሳቀ። ሐኪም ያሉት ደንበኞቹ ናቸው፤ ጋራዥ ውስጥ እየዋለ እጁን ዘይት ነክቶት የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ። ጎንበስ ብሎ ከመሪው ሥር ገመድ ሰካ፣ ላፕቶፑን ሾፌሩ ወንበር ላይ ዘረጋና "ይቀመጡ እናቴ፣ መርፌ እንኳ አንወጋውም" አላት።

ሞተሩ ጉልበት የሚጨምርለት ቺፕ ተገጥሞለታል። የቀረው ማርሹን በራሱ የሚቀያይረው ካምቢዮ ነው። እኔ በሩን ተደግፌ እቁነጠነጣለሁ።

መኪናው የአባዬ ነው። አባዬ ዕድሜ ልኩን የመስኮት መስታወት ሲቆርጥና ሲያመላልስ ኖረ። በአሮጌዋ የዕቃ መኪና እሱ ይነዳል፤ እማዬ ከጎኑ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን መስታወት ወደ ኋላ በዘረጋችው እጇ ደግፋ ትይዛለች። በስተርጅና ያለ የሌለውን አሟጦ ይሄን ቅንጡ መኪና ገዛ። ገዝቶም አልሮጠበትም፤ ጋሪ ሁሉ ይቀድመን ነበር። "ኧረ አባዬ ንካው!" ስንለው እማዬን በጎን አየት አድርጎ "መስታወት ጭኛለሁ" ይለናል። ከኋላ ያለነው እኛ ነን እንጂ መስታወት የለም።

እሱ ካረፈ ዓመት አልሞላውም። መኪናው ለእኔ ደረሰኝ፤ ስንፍናውም አብሮ። ነዳጅ ስረግጥለት መጀመሪያ ያስባል፣ ከዚያ እንደ ምንም ብሎ ይሄዳል። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ "ቅርሱ መጣ" እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ደግሞ ሲቀለድብኝ አልወድም።

"የድሮ ልማድ አለበት፤ ላጥፋው?" አለ ሐኪሙ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል።

"ጠራርገህ አጥፋልኝ! እንቅልፉንም ጨምረህ አጥፋው።"

አንዲት ቁልፍ ነካ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ በርተው ጠፉ።

"አለቀ። አሁን እንደ አዲስ ይማራል።"

"ምኑን ነው የሚማረው?" አለች እማዬ። ስለ መኪና ስትጠይቅ ሰምቻት አላውቅም።

ሐኪሙ ጠያቂ ሲያገኝ ነፍሱ ነው። "የሚነዳውን ሰው እግር ነዋ! እነዚህ ካምቢዮዎች ብልጥ ናቸው፣ እናቴ። ሰውየው ለስለስ አድርጎ ከረገጠ፣ እነሱም ለስለስ ብለው መቀየር ይለምዳሉ። የቸኮለ ከነዳቸው ይቸኩላሉ። የዚህን ያህል ለስላሳ እግር ግን እኔ አይቼ አላውቅም።" ወደ እኔ ዞረ። "አንተን ገና አልለመደህም ነበር እኮ። ሰነፍ አልነበረም፤ ሰው ለምዶ ነው።"

እማዬ ዳሽቦርዱን በመዳፏ ዳበሰች። የአባዬን እግር ማለቱ እንደሆነ የገባኝ ከእሷ ዘግይቶ ነው።

ከቤታችን በፊት አንድ ዳገት አለ። እዚያ ስንደርስ መኪናው ማርሹን የቀየረ እንኳ ሳይመስል ይቀይርና ይወጣዋል። እማዬ ሁልጊዜ እዚያ ጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። እንቅልፍ ይመስለኝ ነበር። እሁድ እሁድ "እስቲ አዙረኝ" ስትለኝም ቤት መዋል ሰልችቷት ነው እል ነበር።

"መልሰው እስቲ" አልኩት።

"የቱን?"

"ያጠፋኸውን።"

"ፋብሪካው የሞላለትን ፕሮግራም አስቀምጬዋለሁ። ካልክም ቺፑን እፈታልሃለሁ። የተማረውን ግን..." ሁለት እጁን ዘረጋ። "እሱን ማን ያስቀምጣል? ጠራርገህ አልከኝ እኮ፣ ወንድሜ።"

ብዬዋለሁ። በእሱ ልናደድ ሞከርኩና አልሆነልኝም፤ በራሴ ነው ያረርኩት። ጓደኞቼ እንዳይስቁብኝ ብዬ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ እሷ እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጣ፣ እየሳቅሁ አስጠፋሁት።

"ተወው በቃ" አለች እማዬ። "እሱም አላወቀ፣ አንተም አላወቅክ። ግባና እንሂድ።"

ድምጿ ላይ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ወጣን። እግሬ እንዳይከብድ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ነው የምነዳው። ከኋላችን የተሰለፉት ክላክሳቸውን ያምባርቁብናል፤ አንዱማ ሲያልፈን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሰደበኝ። ይበለኝ።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አልኳት። "እናስተምረዋለን፣ እማዬ። እንደ ድሮው ይሆናል።"

"አንተን ነዋ የሚማረው" አለች ወደ መንገዱ እያየች። ቆይታ ደግሞ፣ እንዳይከፋኝ ብላ መሰለኝ፣ "ምን አለበት፤ አንተም ልጁ ነህ" አለች።

ዳገቱ ጋ ደረስን። እማዬ ቦርሳዋ ላይ እጆቿን አነባበረችና እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፈነች። ትንፋሼን ይዤ ነዳጁን በእግሬ አውራ ጣት ጫፍ ነካ አደረግኩት።

መኪናው ዘለለ። አዲሱ ጉልበት ሁለታችንንም ወንበሩ ላይ ለጠፈን፤ ማርሹ ገጭ ብሎ ገባ።

የእማዬ ዓይን ተከፈተ። ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ፤ ቀኝ እጇ ዳሽቦርዱን ይዟል። ግራ እጇ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ባዶውን የኋላ ወንበር ደግፎ ቀርቷል።